ሽታዬ በራውሼ መንገድ ላይ

ሽታዬ ለገሰ ቤይሩት፣ ናባዓ ሰፈር ካለችው ክፍላችን በር ላይ የቆመችው በአንድ የግንቦት ጠዋት ነው። እግሯ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ በእጇ ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ይዛለች። ላስቲኩ ውስጥ ያለው ልብሷ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከአንጠልያስ ጀምራ በአውራ ጎዳናው ዳር በእግሯ ነው የመጣችው፤ ተረከዟ ተልጦ ነጠላ ጫማው ላይ ደም ደርቋል። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እሙሽ እባላለሁ፤ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ከሙሉአለም ጋር ያችን ክፍል ተከራይተን፣ ሰው ቤት እየተመላለስን እናጸዳ ነበር። ውኃ ሰጠናት፣ ጠጣች። ከማን ቤት እንደወጣች ሳንጠይቃት እሷ ቀድማ ጠየቀችን።

«እዚህ ሰፈር ብስክሌት የሚነዳ ሰው አለ?»

ሙሉአለም ፀሐይ የመታት መስሏት ፍራሽ አነጠፈችላትና ተኚ አለቻት። እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ፣ ሽታዬ ኑሮዋን ቀስ በቀስ ስታጫውተኝ ነው።

ሽታዬ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ባሕር ዳር መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ዘንባባ ነው፤ ዳገት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ገበያተኛውም፣ ተማሪውም፣ ቄሱም ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ ሁሉም በብስክሌት ነው የሚሄደው። አባቷ ጋሽ ለገሰ የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ፤ ትልቅ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነበራቸው። ሽታዬ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ኮርቻው ላይ መድረስ ሲያቅታት፣ አንድ እግሯን በመሐል ብረቱ ሥር አሹልካ፣ ገላዋን ወደ አንድ ጎን አጣማ መንዳት ተማረች። ሰፈርተኛው ሸርጣን ይላት ነበር። እናቷ ሴት ልጅ አይደለሽም ወይ እያለች ስትቆጣ፣ ጋሽ ለገሰ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፉ ሆን ብለው ቁልፉን ይረሱት ነበር።

ካደገች በኋላ እዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገባች። ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት አስፋልቱ በብስክሌት ይሞላል። የሚገባው ከሚወጣው ጋር እየተላለፈ ይጠራራል፣ ይሳደባል፣ ይሳሳቃል። ተገኘን ያወቀችው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ተገኘ የሽመና ክፍል መካኒክ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የማይበረክትለት ሰው። አንድ ቀን ከኋላዋ መጥቶ ጎን ለጎን ሆነና፣ «ካቴናሽ ይጮኻል» አላት። ይጩኽ፣ በደወል ፈንታ ያገለግለኛል ብላ መለሰችለት። በማግስቱ ዘይትና ብጣሽ ጨርቅ ይዞ በር ላይ ጠበቃት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ መኪና በሚያልፍበት በኩል እየሆነ እስከ ቤቷ ይሸኛት ጀመር። ብዙ አያወሩም። እንዲያው ፔዳሉን እኩል እየረገጡ፣ ሐይቁ በዘንባባው መሐል ብልጭ ሲል እያዩ ነው የሚሄዱት። ስለ ተገኘ ስትነግረኝ ስለ መልኩ ወይም ስለ ንግግሩ አልነበረም የምታወራው፤ ጥላው ከጥላዋ ጋር አስፋልቱ ላይ እንዴት አብሮ ይሄድ እንደነበር ነው።

ጋሽ ለገሰን ስኳር ያዛቸው። መጀመሪያ አንድ ጣታቸው፣ ከዚያ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የመድኃኒቱ ነገር ከቤቱ አቅም በላይ ሲሆን ሽታዬ ቤይሩት የሚልኩ ሰዎች አሉ ሲባል ሰማች። በኛ አቆጣጠር በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ተገኘ አትሂጂ አላላትም። ቢላት ኖሮ ትቀር እንደነበር አንዴ ብጠይቃት፣ «ስላላለኝ ነው የምወደው፤ ስላላለኝም ነው የተቀየምኩት» አለችኝ።

የገባችበት ቤት አንጠልያስ ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ማዳሟ ማዳም ሩላ ትባላለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፈሪ ነበረች። ልጅቷ ከጠፋች የምጠየቀው እኔ ነኝ እያለች በሩን ትቆልፍና ቁልፉን ይዛ ትወጣለች። ሽታዬ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈችው ከወጥ ቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ወጥ ቤት ነው። ከበረንዳው ላይ አውራ ጎዳናው ይታያል። መኪናው እንደ ጎርፍ ነው፤ አንድም በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጥ ጀመር። አገሯ እያለች ቀኑን ሙሉ ቆማ ሠርታ በብስክሌት የምትመለስ ልጅ፣ እዚህ እግሯ መሄጃ አጥቶ ታመመባት።

እቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የማዳሟ ባል አባት። ስማቸው ሚሼል ነው፤ ቤተሰቡ ግን ጂዶ ይላቸዋል፣ አያት እንደማለት ነው፤ ሽታዬም ጂዶ አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ሙሉ ስሟ አልያዝላቸው ብሎ ሺታ ይሏት ነበር። ሺታ በነሱ ቋንቋ ዝናብ ማለት ነው። ፀሐይ በጠራራበት ቀን እሷ ወደ ክፍላቸው ስትገባ፣ ዝናብ መጣ ብለው ይስቃሉ።

ጂዶ ሚሼል ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከእርስ በርሱ ጦርነት በፊት ሱቃቸውም ቤታቸውም ራውሼ ከሚባለው የቤይሩት ባሕር ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ መርከብ የሚያየው የመብራት ማማ ካለበት አካባቢ ነበር። ጦርነቱ ከተማዋን ለሁለት ሲከፍላት ያን ሁሉ ጥለው ወደ አንጠልያስ ተሻገሩ፤ ጠመንጃው ዝም እስኪል ድረስም ያን ባሕር ዳር ዳግም አላዩትም። አንጠልያስም ባሕር አለ። ጂዶ ግን እሱን ከባሕር አይቆጥሩትም፤ የአውራ ጎዳና ኩሬ ነው ይሉት ነበር። ልባቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ በየቀኑ መራመድ አለባቸው አለ። የት እንደሚራመዱ ሲጠየቁ ራውሼ ካልሆነ አልወጣም አሉ። ልጃቸው ሥራው በዚያ በኩል ስለነበረ፣ ጠዋት በመኪናው አድርሷቸው ቀትር ላይ ሊመልሳቸው ተስማማ። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ደግፎ የሚያራምድ ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ ሽታዬ መንገድ ያገኘችው በዚህ ነው።

ራውሼ የእግረኛው መንገድ ራሱ ሰፊ ነው። ከሥሩ ባሕሩ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ዓለቶች ውኃው ውስጥ ቆመዋል። አጥሩ ላይ ዓሣ አጥማጆች ዘንጋቸውን ዘርግተው ይውላሉ። እንደ ሽታዬ ያሉ የኛ አገር ልጆችም ነበሩ፣ አንዷ ሕፃን በጋሪ ስትገፋ፣ አንዷ ውሻ ስታናፍስ፤ ሲተላለፉ እንደምን አደርሽ ለመባባል ያህል ብቻ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ጂዶ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። በየጥቂቱ እየቆሙ፣ እዚህ እገሌ የሚባል ጸጉር አስተካካይ ነበር፣ እዚህ ሚስቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አይስክሬም ጋበዝኳት እያሉ ያሳዩዋታል። ያሳዩዋት ቦታ ላይ አሁን ያለው በጥይት የተበሳሳ ግድግዳ ወይም አዲስ ሕንፃ ነው። ሱቃቸው የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ያልፋሉ።

ሽታዬ ዐረብኛው ሲያደክማት በአማርኛ ታወራቸው ጀመር። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ዘንባባው፣ ስለ ተገኘ። እሳቸው አንድም ቃል ሳይገባቸው፣ ልክ የገባቸው ይመስል፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ነበር። እሷ ስትጨርስ ደግሞ እሳቸው በተራቸው ይቀጥላሉ። አንድ ቀን በጋሪ ላይ በውኃ የተነከረ ቢጫ ጥራጥሬ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አቆሟትና በወረቀት ጠቅልለው ቱርሙስ ብለው ሰጧት። አንዱን አፏ ውስጥ ስትጨምረው ግብጦ ነው። የጎጃም ግብጦ፣ አባቷ ዘበኝነት ሲወጡ በኪሳቸው ይዘውት የሚሄዱት። ልጣጩን በጥርሷ ገፍፋ እንዴት እንደሚበላ ሳያሳዩዋት ስትበላው ጂዶ ተገረሙ። እሷ ደግሞ ዕንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

እዚያው አካባቢ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው ነበር። ብስክሌቶቹን ግንቡ ላይ ደርድሮ ያስደግፋል፤ በበዓልና በእሑድ የሀብታም ልጆች ይወስዷቸዋል። ሽታዬ በዚያ ባለፈች ቁጥር አንገቷ ወደዚያ ይዞራል፤ ራሷም አታውቀውም ነበር። ጂዶ ግን ዕድሜ ልካቸውን የሰው ትከሻና አንገት ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ የሚያዝያ ጠዋት ቆም ብለው፣ «ቢስክሌት?» አሏት።

«ብስክሌት» አለቻቸው።

ማንም ሳያስተምራቸው ሁለቱም የሚያውቁት ቃል እሱ ነበር። ጂዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና በዱላቸው ወደ ሰውየው አመለከቱ። ሽታዬ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ልብሷ የሠራተኛ ልብስ ነው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ ሽርጥ ያለው። ሰዉ ምን ይለኛል አለች። እሳቸው ሰዉ እኔንም ብዙ ብሎኛል፣ ያላ፣ ሂጂ አሏት።

ሽርጧን ካቴናው እንዳይዝባት ወገቧ ላይ ሻጠችው። መጀመሪያ መሪው እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ እንደሄደች እግሯ ራሱ አስታወሰው። ከራውሼ ወደ መብራቱ ማማ ቁልቁለት ነው። ነፋሱ ሻሿን ከራሷ ላይ ወሰደው፤ አልቆመችለትም። ዓሣ አጥማጆቹ ዞረው አዩዋት፤ ሕፃን የምትገፋዋ ልጅ ጋሪዋን አቁማ አፏን በእጇ ያዘች። ማማውን አለፈች። ከማማው ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዘንባባ አለበት፤ በስተግራ ውኃ ነው። እዚያ ስትደርስ የት እንዳለች ጠፋት። በቀኝ ጎኗ አንድ ሰው አብሯት እየነዳ እንደሆነ ተሰማት። እንዳይጠፋባት ብላ ዞራ አላየችም።

ማንም እንዳልያዛት የገባት ቆይቶ ነው። ፓስፖርቷ አንጠልያስ፣ ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን እዚህ ናት፤ መንገዱም አላለቀም። ወደ ፊት ብትቀጥል የሚያስቆማት አልነበረም። ያኔ ነው አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ትዝ ያሏት፤ ብቻቸውን መነሳት እንኳ አይችሉም። መሪውን አዞረች። መመለሻው ዳገት ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ዳገት አላስለመዳትም፤ መጨረሻውን ወርዳ እየገፋች ደረሰች። ጂዶ እንደምንም ተነስተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ሄድሽ ብዬ ነበር» አሏት።

«ሄጄ ነበር ጂዶ» አለቻቸው፤ «ተመለስኩ።»

ይህን ለማንም አልነገሩም። ከዚያ ወዲያ ግን ሰማዩ ጥሩ በሆነ ቀን ሁሉ ጂዶ አግዳሚያቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ እስከ ማማው ነድታ ትመለሳለች። የዚያን ዘመን ሽታዬ ስታወራልኝ ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር በቃል መናገር አልችልም። ሀብት የነበራት ሰው ስለ ሀብቷ ስታወራ ነበር የምትመስለው።

ክረምቱና በጋው ተፈራረቁ። አንድ ቀን የጂዶ ልጅ ሥራው ቀሎት ቀደም ብሎ ሲመጣ አባቱን ብቻቸውን አገኛቸው። ሠራተኛዋ ወዴት አለች ብሎ ሳይጨርስ ሽታዬ በብስክሌት ብቅ አለች። ጂዶ የላክኋት እኔ ነኝ ብለው ተቆጡ፤ ልጁም ብዙ አልተናገረም። ማዳም ሩላ ስትሰማ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ሽማግሌው ቢወድቁስ፣ እሷን መኪና ቢገጫትስ፣ ብትጠፋስ አለች። «ኸላስ» አለች በመጨረሻ። የራውሼ ነገር በዚያች ቃል አበቃ።

ጂዶ አንጠልያስ መንገድ ላይ አልራመድም አሉ። ሽታዬ ሐኪሙ ያዘዘው እንዳይቀር ብላ በኮሪደሩ ላይ ታራምዳቸው ጀመር፤ ከወጥ ቤቱ በር እስከ ሳሎኑ መጋረጃ። ጂዶ መጀመሪያ ተኮሳትረው ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆም አሉና ይሄ ቱርሙስ ሻጩ ነው አሏት። እሷ መጋረጃው ጋ ስትደርስ ይሄ ደግሞ ማማው አለቻቸው። እንደዚያ እያሉ ያን መንገድ ግድግዳ ለግድግዳ ሄዱት። ከመጋረጃው ወዲያ ምን እንዳለ ሲጠይቋት ባሕር ዳር ትላቸው ነበር። ባሕር በዐረብኛም ያው ባሕር ነውና፣ እሳቸው የእነሱን ባሕር ያለች ይመስላቸው እንደሆነ፣ ወይስ የእሷን ከተማ፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ጂዶ ሚሼል በየካቲት አረፉ። ከባድ ዝናብ ነበር። ለቅሶ የመጡት ሰዎች በመስኮቱ ወደ ውጪ እያዩ ሺታ፣ ሺታ ሲሉ፣ ሽታዬ በትሪ ቡና ይዛ እየዞረች በጠሯት ቁጥር ዞር ትል ነበር። የጠራት አልነበረም።

ውሏ ካለቀ ቆይቶ ነበርና ወደ አገሬ ላኩኝ አለች። ማዳሟ ምትክ እስክትገኝ ታገሺኝ አለቻት። ወራት አለፉ፤ ምትክ አልመጣችም። አንድ ጠዋት ማዳም ሩላ ቆሻሻ እንድትጥል በሩን ከፈተችላት። ሽታዬ ላስቲኩን ይዛ ወረደች፤ በማጠራቀሚያው በርሜል አጠገብ አልፋ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣች፤ ከዚያ እኛ ዘንድ እስክትደርስ አልቆመችም።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ ያስተማርናት አረማመድ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው እንደ ፈለገ አይሄድም። ቀስ ካልሽ ሥራ ፈት ትመስያለሽ፣ ከሮጥሽ ሌባ ትመስያለሽ። እጅሽ ላይ አንድ ነገር ይኑር፤ ዳቦ በላስቲክ ከያዝሽ ወታደሩ ማዳሟ የላከቻት ናት ብሎ ያልፍሻል። እኔና ሙሉአለም አንድ የደረቀ ዳቦ ለመንገድ ብቻ እናስቀምጥ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ይዘነው እንዞራለን። ሰርቪስ የሚባለው የጋራ ታክሲ ደግሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ ታክሲ ያጣ ይመስለዋል፤ ጥሩምባውን እየነፋ ጎን ለጎን ይሄዳል። ታክሲ ያልሆነውም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ግቢ ይላል። ሽታዬ አንገቷን ሳታዞር መሄድ ቶሎ ለመደች። ሥራ ያገኘችው ዞሮ ዞሮ አንጠልያስ አካባቢ ነው፤ ያን አውራ ጎዳና በጠዋት ሄዳ ቀትር ላይ ትመለሳለች። ታክሲ ተሳፈሪ ስንላት እግሬ ዕዳ አለበት ትለን ነበር።

ወደ ቡርጅ ሐሙድ ገበያ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ሀጎፕ የሚባሉ አርመናዊ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። ብስክሌቶቹን ከጣራው ላይ እንደ ሥጋ ሰቅለዋቸዋል። ዐረብኛቸው እንደኛው የተሰባበረ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ከሁሉም ሰው ይልቅ ከሳቸው ጋር እንግባባ ነበር። ሽታዬ በዚያ ስታልፍ ሁሌ ትቆማለች። ሽማግሌው ልትገዛ ነው ወይስ ልትሰርቅ ብለው ቢጠይቋት፣ ለማየት ብቻ ነው አለቻቸው። ውለው አድረው ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ልትጠርግላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እሑድ ጠዋት አንድ ብስክሌት ሊሰጧት ተስማሙ።

እሑድ ጠዋት ቤይሩት ሌላ ከተማ ናት። መኪናው ይተኛል። አንድ እሑድ ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጣኝ ወደ ባሕሩ በኩል ይዛኝ ወረደች። ጉለሌ ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ አልሳቅሁም። ቀሚሴን በአንድ እጄ፣ ወገቧን በሌላው ይዤ፣ ጎድጓዳ ባለፍን ቁጥር እማምላክን እጠራለሁ። ከአንድ ድልድይ ሥር ወታደሮች ቆመው ነበር። አንዱ እጁን አነሳ፤ ያን ዕለት ዳቦውን አልያዝንም። ወጣቱ ወታደር ወደ ብስክሌቱ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በጣቱ ተጫነና የኋለኛው ነፋስ ጎድሎታል፣ ሁለት ሰው አይችልም አለ። እኔን ውረጂ አለኝና ሽታዬን እንድትሄድ በእጁ አሳያት። ወረቀት አልጠየቀንም። እሷ ግን ወርዳ ብስክሌቱን እየገፋች ከኔ ጋር በእግሯ ተመለሰች።

እንደዚህ እያልን ሁለት ክረምት ያህል አለፈ። በጥር ወር አዲስ የመጣች ሰላማዊት የምትባል የባሕር ዳር ልጅ ለሽታዬ ካሴት ይዛ መጣች፤ ከተገኘ ነው። ሦስታችን ፍራሹ ላይ ተቀምጠን የሙሉአለምን ቴፕ ከፈትነው። ተገኘ እንደምን አለሽ ብሎ ጥቂት ቃል ተናገረና ዝም አለ። ከዚያ የመጣው ድምፅ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልለየሁትም። ሽታዬ ግን ወዲያው እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ፈረቃ ሲለወጥ ነው። የብስክሌት ደወል፣ የካቴና ድምፅ፣ አንዱ አንዱን ሲጠራ፣ ሲስቅ፤ ከሩቅ ይመጣል፣ ይቀርባል፣ አልፎ ይርቃል፣ ሌላው ይመጣል። ሰዉን በሳቁ እየለየች ስሙን ትጠራልን ጀመር። ድምፁ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። ሲያልቅ ተገኘ ተመለሰ።

«ጋሽ ለገሰ በኅዳር ዐረፉ» አለ ካሴቱ ውስጥ። «ከመንገዱ ድምፅ በፊት ልነግርሽ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ።»

ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ ለቅሶ ተቀመጥን። ከለቅሶው በኋላ ሽታዬ ካሴቱን በየጠዋቱ ትከፍተዋለች፤ ከመደጋገሙ የተነሳ ሪባኑ ተለጥጦ ደወሉ እንደ ላም መጮኽ ጀመረ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ እኔ እዚህ የምቆየው ለመድኃኒቱ ነበር፣ አሁን ለማን ብዬ ነው አለችን። ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አገሩ ለመግባት አንዱ መንገድ እጁን መስጠት ነው፤ ይታሰራል፣ ቆይቶ ይላካል። ሙሉአለም አልቅሳ ለመነቻት። የስንቱ እስር እንዴት እንደረዘመ ነገረቻት። ሽታዬ ሐሳቧን አልለወጠችም።

ከመሄዷ በፊት ራውሼን ላሳይሽ አለችኝ። አብረን ሄድን፤ አግዳሚውን፣ ማማውን አየሁ። ብስክሌት የሚያከራየው ሰው አልነበረም። እሷም ብዙ አልቆየችም፤ ከጂዶ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንሽ ባሕሩን አየችና እንሂድ አለች። በማግስቱ ወንዙ ድልድይ ድረስ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲያ እኔም ወረቀት ስለሌለኝ እጇን ወደምትሰጥበት ቢሮ መጠጋት አልቻልኩም። ታክሲ እንያዝልሽ ብላት እምቢ አለች፤ እንደ ልቤ የምራመድበት የመጨረሻው መንገድ ነው አለችኝ። ሳመችኝና ድልድዩን ተሻገረች። ያን ዕለት እጇ ላይ ዳቦ አልነበረም፤ ቀስ ብላ ነው የሄደችው።

ብዙ ሳምንት ታሠረች። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከብዙ ሴቶች ጋር ነበረች። ከዚያ ላኳት።

አገር ቤት ከገባች በኋላ ናባዓ ካለው ስልክ ቤት ደወልኩላት። ድምፅዋ ቅርብ ሆኖ መጣ። ተገኘ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ነበር የጠበቃት። አንድ እግሩን ከጉልበቱ ማጠፍ አይችልም፤ ማሽን ወድቆበት ነው፣ እሷ ቤይሩት እያለች። ሊያሳዝናት ስላልፈለገ አልነገራትም። እሷም በስልኩ፣ «እሙሽ፣ የካሴቱ ድምፅ እየመጣ ያልፍ የነበረው እሱ ዳር ቆሞ ስለነበረ ነው፤ እንዴት ሳይገባኝ ቀረ?» አለችኝ።

በሚያዝያ ተጋቡ። ተገኘ ቤቱ ደጃፍ ላይ የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ይጠግናል። እሷን ፋብሪካው አልመለሳትም፤ አንድ ድንኳን ሰፊ ጋር ሥራ ይዛለች። ወደ ሥራ ስትሄድ በብስክሌት ትሄዳለች፤ እሱ በር ላይ ወጥቶ ያያታል። ኋላ አስቀምጬህ ልውሰድህ ብትለው ሰው ይስቅብናል ብሎ ለብዙ ጊዜ እምቢ ብሎ ነበር። ቆይቶ ግን ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተስማማ፤ የማይታጠፍ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሰውም ሳቀ፤ እነሱም ሳቁ።

ኋላ ላይ በደወልኩላት ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። የጠየቀችኝ ስለ ሙሉአለም፣ ስለ ሀጎፕ፣ ናባዓ ውኃው ተስተካከለ ወይ እያለች ነው። ደስ ብሎሻል አይደል አልኳት። ብሎኛል አለች። ግን አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ስትቀመጥ አንድ ነገር እንደሚጎድላት ነገረችኝ።

«ምን?» አልኳት።

«እንጃ። አገሬ ነኝ፣ ሰውዬው አጠገቤ ነው። ብቻ ይናፍቀኛል» አለች።

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ልጁ ሲወለድ እንድታስነግረኝ አደራ አልኳት፤ እሺ አለች። ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁና በዚያ ሰዓት የምሠራበት ቤት ሩቅ ስለነበረ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ሄድኩ።